ፀሐይን በጎተራ

ከቃሊቲ ወደ ደቡብ የሚወርደውን አውራ ጎዳና ትቶ በጥርጊያው መንገድ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚያቀና ሰው፣ የፋብሪካዎቹን አጥርና የከባድ መኪናዎቹን ማቆሚያ ካለፈ በኋላ፣ ጎመንና ሽንኩርት በሚበቅልበት መስክ ዳር ተበታትነው የቆሙ ትናንሽ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶችን ያገኛል። በላያቸው ታላላቆቹ የብረት ምሰሶዎች ከፍተኛውን የኤሌክትሪክ ኃይል ተሸክመው ወደ ማከፋፈያው ጣቢያ ያልፋሉ፤ ከሥራቸው ግን ቆጣሪ ያልገባላት ጎጆ ሲመሽ ኩራዟን ታበራለች። እኔም ከእነዚህ ጎጆዎች በአንዲቱ ሦስት ክረምት ያሳለፍሁ ስለ ሆንሁ፣ የላምባ ጢስ በሕፃናት ዓይንና በጣሪያ ላይ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ከዚያም በኋላ ፀሐይን ወደ ቤቴ ለማስገባት ስማር ያገኘሁትን ጥቂት ዕውቀት፣ እንደ እኔ መብራት ሲጠባበቅ ለኖረ ሰው ማካፈል ይገባኛል ብዬ አምናለሁ።

የአቃቂ ምድር ለኤሌክትሪክ ታሪክ ባዕድ አይደለችም። ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን በጄኔሬተር ካስበሩ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ለተቋቋሙት ትናንሽ ፋብሪካዎች ኃይል ይሰጥ ዘንድ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 የተሠራው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫም ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ከኖረ በኋላ ታድሶ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ሆኖ በ2009 ዓ.ም. እንደ ገና ተመርቋል። ነገር ግን ሰፊና ተራራማ በሆነች አገር ሽቦው ከሁሉ ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ ዘመን ያስፈልገዋልና፣ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም፣ ከሕዝቡ 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ የቀረው 35 በመቶ ግን ከመስመር ውጭ በሆነ ኃይል እንዲያገኝ አሰበ። ስለዚህ ጎጆውን በፀሐይ የሚያበራ ሰው የአገሩን ዕቅድ በገዛ ጣሪያው ላይ ከሚፈጽሙት እንደ አንዱ ራሱን ሊቈጥር ይችላል።

ብርሃናት በዕለተ ረቡዕ እንደ ተፈጠሩ ሥነ ፍጥረት ያስተምረናል፤ የፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጥ መሆኑን የሰው ልጅ የተረዳው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። ኤድሞን ቤከሬል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ይህን ምሥጢር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 አስተዋለው፤ በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሊቃውንት ደግሞ በዚሁ አቆጣጠር በ1954 ከሲሊኮን የተሠራ፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ገበታ አሳዩ። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ሶላር ፓኔል ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣል። ሲሊኮን ከአሸዋ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይነሣሉ፤ በአንድ አቅጣጫ እንዲጐርፉ ተደርጎ በተሠራው ገጽ ላይም ፍሰታቸው ኤሌክትሪክ ይሆናል። የሚንቀሳቀስ አካልም ሆነ የሚነድ ነገር የለበትም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ እርሱም መቍጠር ነው። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲያሰላ በወንጌል እንደ ተነገረ፣ የፀሐይ ኃይል የሚሻ ሰውም ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ደብተር ይዞ በቤቱ መካከል ይቀመጥ። በእኔ ጎጆ እያንዳንዳቸው 7 ዋት የሆኑ ሦስት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 105 ዋት ሰዓት፣ 5 ዋት የሆነው ሬዲዮ በ6 ሰዓት 30፣ ሁለት ስልኮች 20፣ 30 ዋት የሆነች ትንሽ ቴሌቪዥን በ3 ሰዓት 90 ይወስዳሉ፤ ድምሩ 245 ዋት ሰዓት ነው። በሽቦና በባትሪ ውስጥ ሩብ ያህሉ ስለሚባክን፣ በየቀኑ ከፀሐይ መሰብሰብ ያለበት 330 ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር በግልጥ መናገር ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ፣ አንድ ሰዓት እንጀራ ቢጋገርበት ከላይ የቈጠርነውን የቤቱን የዐሥር ቀን ኃይል ይበላዋል። ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃም የምጣዱ ወገን ናቸው። እንግዲህ አነስተኛ የሶላር መሣሪያ የሚተክል ሰው ብርሃኑንና ወሬውን ከፀሐይ፣ እንጀራውን ግን «ምርት» ከተባለው ማገዶ ቈጣቢ ምድጃ ቢያገኝ፣ ሁለቱንም በሰላም ያኖራቸዋል።

ፍላጎቱ ከታወቀ ዘንድ ፀሐይቱን መቍጠር ይቀራል። መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብም ስድስት ደጆች እየተመላለሰች እንደምትወጣና እንደምትገባ ይናገራል፤ አባቶቻችንም በዚህ ትምህርት ወቅትን ሲለዩ ኖረዋል። ቃሊቲ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ከአናታችን በላይ ትቆማለች፣ በሰኔና በሐምሌ ግን ወደ ሰሜን ታልፋለች። ስለዚህ ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ 10 ዲግሪ ያህል፣ ይኸውም በአንድ ሜትር ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢያዘነብል፣ የዓመቱን ብርሃን በደኅና ይቀበላል፤ ዝናሙም አቧራውን እያጠበ ይወርድለታል። በበጋ በእያንዳንዱ ቀን ከ5 እስከ 6 ሰዓት የሚሆን የሙሉ ፀሐይ ብርሃን ይገኛል፤ በክረምት ግን ደመናው ወደ 4 ያወርደዋል። በክረምቱ ልክ ያሰበ ሰው በበጋ አይቸገርምና፣ 330ን ለ4 ስናካፍል 83 ዋት ገደማ ስለሚሆን፣ ባለ 100 ዋት ፓኔል ይበቃል።

የቃሊቲ አየር ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ለዚህ ሥራ በረከት ነው፤ ሙቀት ሲበዛ የፓኔሉ ኃይል ይቀንሳልና። የፋብሪካውና የመንገዱ አቧራ ግን በየሳምንቱ ማለዳ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ መጠረግ አለበት። ጥላም ታላቅ ጠላት ነው፤ የፓኔሉ ክፍሎች እጅ ለእጅ እንደ ተያያዙ ሰልፈኞች ስለ ሆኑ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አንዱን ቢጋርደው የሌሎቹም ጕዞ ይታገታል።

ቀን የተሰበሰበው ኃይል ለማታ የሚቀመጥበት ጎተራ ባትሪ ነው። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን እህሉን አከማችቶ ግብፅን ከረኃብ እንዳዳነ፣ ባትሪም የቀትሩን ትርፍ ለሌሊቱ ያቈያል። ሁለት ደመናማ ቀን እንዲያሳልፈን ብናስብ 660 ዋት ሰዓት ያሻናል፤ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው ባትሪ ከግማሹ በላይ ሲሟጠጥ ዕድሜው ስለሚያጥር ዕጥፉን፣ ማለትም ባለ 12 ቮልት ሆኖ 110 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን መግዛት ይገባል። የሊቲየም ባትሪ ዋጋው ቢበዛም አብዛኛውን ኃይሉን ያለ ጕዳት ስለሚሰጥ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዘው ይበቃል። እኔ በመጀመሪያ ርካሽ መስሎኝ ከከባድ መኪና የወጣ ባትሪ ገዛሁ፤ የመኪና ባትሪ ግን ሞተር ለማስነሣት ለቅጽበት ብዙ ኃይል እንዲተፋ እንጂ በየሌሊቱ ቀስ ብሎ እንዲሟጠጥ የተሠራ ስላልሆነ፣ ስምንት ወር ሳይሞላው ሞተ። ለሶላር ተብሎ የተሠራውን መምረጥ እንደሚገባ በገንዘቤ ተማርሁ።

በፓኔሉና በባትሪው መካከል የሚቆመው ቻርጅ ኮንትሮለር የጎተራው በረኛ ነው፤ ሲሞላ ያቆማል፣ ሊራቆት ሲል መብራቱን ያቋርጣል። ለባለ 100 ዋት ፓኔል ባለ 10 አምፔሩ ይበቃል። ሲያያዝ አስቀድሞ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ፣ በመጨረሻም አምፖሎቹ ይገናኛሉ፤ ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሳያኖሩ ሽቦ መዘርጋት በቤት ውስጥ እሳት እንደ መቅበር ነው። ሽቦውም ይወፍር፤ ፓኔሉ 10 ሜትር ቢርቅ፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ሽቦ አንድ ተኩል ቮልት ገደማ በመንገድ ያስቀራል፣ ባለ 4ቱ ግን ግማሽ ቮልት ብቻ። የእርሳስ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ይቀመጥ፤ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነም የሚጨመርለት የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ለባትሪ የተጣራ ውሃ ነው።

ይህ ሁሉ ከሊቃውንት ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ ለአንድ የገጠር መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የሆነ የፀሐይ ማመንጫ ተተክሎ ነበር፤ በኋላም ለውሃ መሳቢያና ለወፍጮ ይሆን ዘንድ ወደ 30 ኪሎ ዋት አደገ። በሰሜን ሸዋ በሬማ ደግሞ ሶላር ኤነርጂ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ከ1998 ዓ.ም. አንሥቶ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ቤቶችን በየራሳቸው ፓኔል ካበራ በኋላ፣ መሣሪያውን የሚተክሉና የሚጠግኑ ወጣቶች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት በዚያው መንደር ከፈተ። እኔ የሬማን ሥራ የማከብረው በተለይ ስለዚህ ትምህርት ቤት ነው፤ የሚጠግነው ሰው በአጠገቡ የሌለ መሣሪያ ፊውዙ በተቃጠለ ዕለት የጣሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራልና።

በጎጆዬ ያን የመጀመሪያውን ደብተር ዛሬ የምትይዘው የታናሽ እኅቴ ልጅ ናት። በየማታው በቴስተር ባትሪውን ለክታ ትጽፋለች፤ 12.7 ቮልት ሲል ጎተራው ሙሉ መሆኑን፣ 12.2 ሲል ግማሽ መቅረቱን ታውቃለች። ባለፈው ነሐሴ ሦስት ቀን ሙሉ ደመናው ሳይገለጥ በቆየበት ማታ ለክታ ዝም አለች፤ ከዚያም ቴሌቪዥኑን አጥፍታ፣ የጓዳውንና የደጁን አምፖል አጥፍታ፣ «ጋሼ፣ ሬዲዮውን ዛሬ ቢተዉልኝ መብራቷ እስክተኛ ትደርሳለች» አለችኝ። ሬዲዮውን ዘጋሁ፤ እርሷም በቀረችው አንዲት አምፖል ሥር እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ትምህርቷን አጠናች።