ካርቱም ላይ 3 ጎል አግብተን ነበር

ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱበትን በር የከፈተላቸው የተሸነፉበት ጨዋታ ነው። ጳጉሜን 2004 ካርቱም ላይ ሱዳን 5 ለ 3 ረታን። አምስት ጎል የገባበት ቡድን አንገቱን ደፍቶ ነው አገሩ የሚገባው። የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች ግን በሰው ሜዳ ያገቧቸውን ሦስት ጎሎች ይዘው ተሳፈሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰይድ አንድ ጨመሩ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። በሰው ሜዳ ብዙ ያገባ ያልፋል በሚለው የያኔው ደንብ ኢትዮጵያ አለፈች፣ ሱዳን ቀረች።

ይህን የማነሳው ለትዝታ ብዬ አይደለም። ያ ቡድን ኋላው እንደ ወንፊት ነበር፤ ካርቱም ላይ ያየነው ይህንኑ ነው። ነፍሱን ያተረፈለት ፊት መስመሩ ነው። በዚያው ዘመን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ተመድቦ ሜዳ ላይ በ6 ጨዋታ 10 ጎል ተመዝግቦለታል። አንዱን የደቡብ አፍሪካው በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ ያስቆጠረልን ነው፤ እሱንም እንቁጠረው። ከስድስቱ ጨዋታ ጎል ሳያገባ የወጣበት አንድም የለም። ቅጣት ያለበት ተጫዋች በማሰለፋችን ሦስት ነጥብ ተቀንሶብን እንኳ ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን።

አሁን ደግሞ የቅርቡን እንይ። ከኅዳር 2016 እስከ ጥቅምት 2018 በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ በ10 ጨዋታ 9 ጎል አገባች። ቁጥሩ በሩቁ ሲታይ ያን ያህል አያስከፋም። ነገር ግን ከዘጠኙ ስድስቱ ጅቡቲ ላይ በአንድ ጨዋታ የገቡ ናቸው። በቀሩት ዘጠኝ ጨዋታዎች የተገኘው ሦስት ብቻ ነው። ስድስቱን ጨዋታ ያለ ምንም ጎል ጨርሰናል። ለሞሮኮው የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው የ2017 ማጣሪያም በ6 ጨዋታ 3 ጎል ነው ያስቆጠርነው። በአንዱ ኮንጎን ኪንሻሳ ድረስ ሄደን 2 ለ 1 አሸንፈናል። ይህ ቡድን ሲፈልግ ይችላል የሚለው ተስፋ የሚመነጨው ከእንዲህ ዓይነቱ ነጠላ ምሽት ነው። ሰኔ 2014 በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሊሎንግዌ ላይ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ቀንም እንዲያው ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው ማጣሪያ በቀሩን አራት ጨዋታዎች ያገባነው ሁለት ነው።

ከየሽንፈቱ በኋላ የሚሰጠው መግለጫ ደግሞ አይለወጥም። አሠልጣኙ ማይክ ፊት ይቀመጣል፤ «ኳሱን ተቆጣጥረን ነበር፣ የአጨራረስ ችግር አለብን» ይላል። ጋዜጠኛው ይጽፋል፣ እኛም ቡና ላይ እንደግመዋለን። እኔ በዚህ አልስማማም። አጨራረስ ችግር የሚሆነው የሚጨረስ ነገር ሲኖር ነው። የዋልያዎቹ ችግር ኳስ ሳጥን ውስጥ አለመድረሱ ነው፤ ሲደርስም የሚጠብቀው ሰው አንድ ብቻ ነው።

አንዱን የማጥቃት ሙከራ ከመነሻው ተከታተሉት። በረኛው ለመሐል ተከላካይ ያቀብላል። ተከላካዩ ለተጋጣሚ ጎል ጀርባውን ለሰጠ አማካይ ይልካል፤ አማካዩ ለመዞር አይደፍርም፣ መልሶ ለተከላካዩ ይሰጣል። ኳሱ ወደ መስመር ይወጣል። የክንፍ ተጫዋቹ ኳስ ሲነካ ሁለት ሰው ይከበዋል፤ የመስመር ተከላካዩ ደግሞ ከኋላው ክፍተት ላለመተው ሲል አይደርብለትም። ቀና ብሎ ሲያይ ሳጥኑ ውስጥ አንድ አጥቂ በሦስት ተከላካይ መሐል ቆሟል። ወይ አሻግሮ ለተጋጣሚ በረኛ ይሸልማል፣ ወይ ኳሱን ወደ ኋላ ይመልሳል። ስታዲየሙ ወይም የቴሌቪዥኑ ተመልካች «ኳስ ያዝን» ይላል። እውነት ነው፣ ይዘናል፤ የያዝነው ግን ማንንም በማያስፈራ ቦታ ላይ ነው።

የ2005ቱ ቡድን በዚህ ይለያል። ሳላዲን ኳስ በጀርባው ይዞ ጓደኞቹ እስኪደርሱ ይቆይ ነበር። ጌታነህ ከበደ ከተከላካይ ጀርባ ይሮጣል። አዳነ ደግሞ ከመሐል ተነስቶ ዘግይቶ ሳጥን ይገባል። ሦስቱም ያው አንድ ቦታ ላይ የሚሻሙ ሰዎች አልነበሩም። በ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ያስታወሰ ያውቀዋል፦ ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት አመከነ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ጎልም ገባብን። በአሥር ሰው ቀርተን የአፍሪካን ሻምፒዮን ማጥቃታችንን አላቆምንም፤ አዳነ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አደረገን። ዛሬ በአሥራ አንድ ሰው የማናደርገው ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የዚያ ቡድን አብዛኛው ተጫዋች ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከደደቢት ነበር። በሳምንቱ መሐል አብረው ይሠለጥናሉ፣ እሑድ አብረው ወይም ተቃራኒ ሆነው ይጫወታሉ። አንዱ ቀና ሲል ሌላው የት እንደሚሮጥ ያውቃል። ማጥቃት ከመከላከል ይልቅ መተዋወቅ ይፈልጋል፤ መከላከልን በአሥር ቀን ካምፕ ማስተማር ይቻላል፣ ሦስት ሰው በአንድ ሐሳብ እንዲሮጥ ማድረግ ግን አይቻልም። ደደቢት በ2005 ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2011 ከሊጉ ወረደ። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ ከየቦታው የሚለቀም ሆነ።

የለቃሚውም እጅ ቶሎ ቶሎ ተለዋወጠ። ሰውነት ከተሰናበተ በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገና ገብረመድህን፣ ከዚያም መሳይ ተፈሪ መጥተዋል። አብርሃምና ውበቱ ኳስ ይዞ መጫወትን ከልብ የሚያምኑበት ናቸው፤ ውበቱ ለ2014ቱ የካሜሩን ዋንጫ አሳልፎናል። ከእነሱ በኋላ የመጣው ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልጋል። አዲስ አሠልጣኝ ሥራውን የሚጀምረው ከኋላ ነው፤ ላለመሸነፍ አንድ አጥቂ ቀንሶ አንድ ተከላካይ ይጨምራል። ፊት የቀረው ብቻውን ይሆናል፣ ጎል አይገባም፣ ይሸነፋል። ቀጣዩ አሠልጣኝ ያንን አይቶ ሌላ አጥቂ ይቀንሳል። ፊት መስመራችን ከዓመት ዓመት የባሰበት በዚህ መንገድ ነው እንጂ ኢትዮጵያ አጥቂ መውለድ ስላቆመች አይደለም።

አጥቂ መውለዱን አላቆመችም ያልኩት አቡበከር ናስርን ይዤ ነው። በ2013 በኢትዮጵያ ቡና ማልያ 29 ጎል አግብቶ የጌታነህን 25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ማሜሎዲ ሰንዳውንስም ወሰደው። እዚያ ጉዳትና የተቀያሪ ወንበር ተፈራረቁበት። ከዚህ በኋላ ከሊጉ በዚያ ቁመና የወጣ ሌላ አጥቂ አላየንም። ሊጉን የሚመዝን ሌላ መለኪያም አለ፦ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሳተፉበት የቻን ውድድር። በ2006፣ በ2008 እና በ2015 ሦስት ጊዜ ተሳትፈን በ9 ጨዋታ ያስቆጠርነው 2 ጎል ነው። ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

ሊጉ አጥቂ የማያፈራበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። ከ2013 ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ቡድኖች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ለሳምንታት ይጫወታሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር እየተባለ። ለቴሌቪዥን ቀረጻ ይመቻል። ሜዳው ግን በየቀኑ ይረገጣል፤ ኳስ በሚነጥርበት ሜዳ ላይ በአንድ ንክኪ የሚቀባበል አጥቂ አይበቅልም። የራሱ ደጋፊ ፊት የማይጫወት ቡድንም «አጥቃ!» ብሎ የሚጮህበት ሰው የለውም። ሁለተኛው፣ አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ውጤት ዛሬ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ዘጠኝ ቁጥር ማልያው ለውጭ አገር ሰው ይሰጣል፤ በ2010 የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። በኦኪኪ ቅሬታ የለኝም፣ ሥራውን ሠርቷል። ጥያቄዬ ያኔ በየክለቡ ከጀርባ ተቀምጦ የነበረው የ19 ዓመት ልጅ ዛሬ የት ነው የሚለው ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ቤት ማጣቱ ተጨመረ። የአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት አላሟላም ተባለ፤ ቀጥሎ የባሕር ዳሩም ታገደ። ኅዳር 2014 ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። ከዚያ ሊሎንግዌ፣ ማፑቶ፣ ኤል ጀዲዳ እያለ ቀጠለ። በ2017ቱ ማጣሪያ ደግሞ ስድስቱን ጨዋታ በሦስት ከተማ ጨረስናቸው፦ ሁለቱን ዳሬሰላም፣ ሁለቱን አቢጃን፣ ሁለቱን ኪንሻሳ። ታንዛኒያን ለመግጠም ሄደን እዚያው ዳሬሰላም ኮንጎን «አስተናገድን»። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን ሁሉ እዚህ ላይ መደርደር ይወዳል።

እዚህ ላይ ነው ካርቱም የምትመለሰው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ሲነሳ ከተማዋ በአንድ ሌሊት የጦር ሜዳ ሆነች። እዚያ ለዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያን ጨርቄን ማቄን ሳይሉ በመተማ በኩል ገቡ። የሱዳን ሊግ ቆመ። ታላላቆቹ ክለቦች ሂላልና መሪክ አገር ጥለው በሞሪታንያ ሊግ እስከ መጫወት ደረሱ። ብሔራዊ ቡድኑም እንደ እኛው ቤት አጣ፤ ጨዋታውን ሊቢያ ቤንጋዚ ያደርግ ነበር። እኛ ስታዲየም አጣን፣ እነሱ አገር አጡ።

ጥቅምት 2017 እኛ አቢጃን ላይ በጊኒ 4 ለ 1 እና 3 ለ 0 ስንሸነፍ፣ በዚያው ሰሞን ሱዳን ጋናን ቤንጋዚ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈች። ለሞሮኮው ዋንጫ አለፈች፤ ጋና ቀረች። ነሐሴ 2017 በቻን ናይጄሪያን 4 ለ 0 ረትታ ግማሽ ፍጻሜ ገባች። አንባቢ ግን እንዳይሳሳት፦ ሱዳን በዚያ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በ6 ጨዋታ ያገባችው 4 ጎል ብቻ ነው። ከእኛ በአንድ ጎል ነው የምትበልጠው። ልዩነቱ የገባባት 6፣ በእኛ ላይ የገባው 12 መሆኑ ነው። በቂ ምክንያት አላት፦ ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ አሠልጣኟ አንድ ሰው ነው፣ ጋናዊው ኩዌሲ አፒያ። የቡድኗ አከርካሪም በአንድ መኝታ ቤት፣ በአንድ የስደት ካምፕ የከረሙ የሂላልና የመሪክ ልጆች ናቸው። የሚያጠቁት ጥቂት ጊዜ ነው፣ ሲያጠቁ ግን ማን የት እንደሚገኝ ያውቃሉ። የእኛ የ2005 ቡድን ነገር እነሱ ጋ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ የሜዳ ማጣትን ሰበብ በሙሉ ልቀበለው አልችልም። ጉዳቱ እውነት ነው፤ ተጫዋች ይደክማል፣ ገንዘብ ይባክናል፣ ደጋፊ ይርቃል። ለጎል ድርቁ ግን ጎረቤታችን በባሰ ችግር ውስጥ ሆና መልስ ሰጥታበታለች።

ካርቱም ለእግር ኳሳችን ክፉም ደግም ናት። የካቲት 1949 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም የተካሄደው እዚያ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስትወጣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፣ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ነው። በ1962 እዚያው ካርቱም ላይ የአይቮሪ ኮስቱ ሎረን ፖኩ ብቻውን አምስት አስቆጠረብን። በእነዚህ ሁለት መሐል ግን በ1954 አዲስ አበባ ላይ እነ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ ተክሌ ኪዳኔ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን አንስተዋል። ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነስተው ነው ያሸነፉት፤ ያ ቡድን እየተመራም አጥቂ አልቀነሰም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት ፍላጎቱን በ2017 አዲስ አበባ ለተሰበሰበው የካፍ ጉባኤ አቅርቦ ነበር። ስታዲየም ይገነባል፤ ሲሚንቶና ብረት ገንዘብ ካለ ይገኛል። ፌዴሬሽኑን የምጠይቀው ሌላ ነው። የሚቀጥለው አሠልጣኝ ማንም ይሁን ማን ሁለት የማጣሪያ ዘመን ይሰጠው። ክለቦች ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ አጥቂ በየጨዋታው እንዲያሰልፉ ደንብ ይውጣ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላም ኳስ ስንት ጊዜ የተጋጣሚ ሳጥን ውስጥ እንደገባ፣ ስንት ሰው እንደጠበቃት ቁጥሩ ለሕዝብ ይነገር። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ አንባቢ ሆይ፣ «የአጨራረስ ችግር» የሚል መግለጫ ስትሰማ ስንት ኳስ ለመጨረስ ደረሰ ብለህ መልሰህ ጠይቅ።