ላውረንስ ዌይን

ላውረንስ ዌይን አሜሪካዊ ተመራማሪና በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ናቸው። በአገር ደህንነት ጥያቄዎች ላይ ሒሳባዊ ሞዴል በመጠቀም፣ ማለትም አንድን ሂደት በቀመር ወክለው ውጤቱን አስቀድመው በማስላት ይታወቃሉ። ወደ ስታንፎርድ ከመምጣታቸው በፊት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) ያስተምሩ ነበር።

የፈንጣጣ ክትባት

እ.ኤ.አ. በ2002 ከኤድዋርድ ካፕላንና ከዴቪድ ክራፍት ጋር ባወጡት ጥናት፣ ፈንጣጣ ሆን ተብሎ በአንድ ትልቅ ከተማ ቢሰራጭ ክትባቱ እንዴት መሰጠት እንዳለበት መረመሩ። የጊዜው የመንግሥት ዕቅድ ከታማሚዎች ጋር የተገናኙ ሰዎችን እየፈለጉ መከተብ ነበር። ሞዴሉ ግን የጤና ሠራተኞች ቁጥር ውስን ስለሆነ ፍለጋው ወረፋ እንደሚፈጥርና በሽታው ከክትባቱ ሊቀድም እንደሚችል አሳየ። አጥኚዎቹም ሕዝቡን በሙሉ ወዲያው መከተብ ብዙ ሕይወት ያተርፋል ብለው ደመደሙ። ሌሎች ተመራማሪዎች በበኩላቸው፣ ከቀድሞ ክትባት የቀረ የመከላከል አቅም በሕዝቡ ውስጥ ካለ በተመረጡ ሰዎች ላይ ያተኮረ ክትባትም ውጤታማ ሊሆን እንደሚችል በሌላ ሞዴል አሳይተዋል። ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ከመነሻ ግምቶቹ ነው።

የጣት አሻራ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2004 መጀመሪያ አንሥቶ ከሚገቡ የውጭ ዜጎች የሁለት ጣት አሻራ እየወሰደች ከተጠርጣሪዎች መዝገብ ጋር ማመሳከር ጀመረች። ዌይንና ማናስ ባቬጃ የአሻራ ጥራት ከሰው ሰው እንደሚለያይ ተነሥተው፣ ሽብርተኞች አሻራቸው የደበዘዘ ሰዎችን መርጠው ቢልኩ ምን እንደሚሆን አሰሉ። በዚህ ሁኔታ ተጠርጣሪው የመለየት ዕድሉ 53 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ጥራቱ ዝቅተኛ ከሆነ ሰው ተጨማሪ ጣቶች ቢወሰዱ ግን ወደ 95 ከመቶ ይደርሳል። ዌይን ግኝቱን በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ አስረዱ። መንግሥት በ2005 ወደ አሥር ጣት እንደሚሸጋገር አስታወቀ፤ አሠራሩም በ2007 መጨረሻ በአውሮፕላን ማረፊያዎች ተጀመረ።

የወተት ጥናትና ክርክሩ

እ.ኤ.አ. በ2005 ዌይንና ዪፋን ሊው የወተት አቅርቦት በመርዝ ቢበከል የሚደርሰውን ጉዳትና መከላከያውን አጠኑ። የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ጽሑፉ ለአጥፊዎች መመሪያ ሊሆን ይችላል ብሎ እንዳይታተም ጠየቀ። ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚው ከባለሥልጣናት ጋር ከተወያየ በኋላ፣ መረጃው ቀድሞም በግልጽ የሚገኝ መሆኑንና መታተሙ ለመከላከል እንደሚጠቅም ገልጾ አወጣው። ደካማ ጎንን ማሳየት ጥበቃን ያጠናክራል ወይስ ጠላትን ያስተምራል የሚለው ጥያቄ በዚህ ጥናት ዙሪያ በሰፊው አከራክሯል።