ጡረተኛ እንግዳ በአረካ ገጠር

አንድ ጡረተኛ የውጭ አገር ሰው አረካ ገጠር ልኑር ቢል ምን እንለዋለን?

መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃድ ያውጣ። መሬት ግን አይገዛም። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ቤት ይከራይ።

ምግቡስ? እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ሽማግሌ ይህን ያህል አይጠብቅም። ቆጮውን ከገበያ ይግዛ።

ጎረቤቱን «ሳሮ» ብሎ ሰላም ይበል። ቡና ሲጠሩት ይሂድ።

ከሁሉ በላይ እድር ይግባ። ዘመዶቹ ባሕር ማዶ ናቸው። ሌሊት ቢታመም ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ጎረቤት ነው። ቢሞትም ድንኳን የሚተክለው፣ የሚቀብረው እድርተኛው ነው። የጡረታ ገንዘብ ቤት ይከራያል እንጂ ሬሳ አይሸከምም።

እኛም እንግዳ መጣ ብለን ዋጋ አንጨምርበት። ጎረቤት እንሁነው።