ወረራ፦ ተራ የማይጠበቅበት የሰንጠረዥ መክፈቻ

ስለ ሰንጠረዥ፣ ማለትም ስለ ሐበሻው ቼዝ፣ ወሬ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ሰው ያናድደኛል። አንደኛው «ቼዝን ለዓለም ያስተማርነው እኛ ነን» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የእኛ ጨዋታ ገበጣ ነው፤ ቼዝ የፈረንጅ ነው» ብሎ ነገሩን የሚዘጋው። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር በኩል ወደ እኛም ወደ አውሮፓም ደረሰ። አውሮፓውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አንዳንድ ጠጠሮችን አፍጥነው አሁን የምናውቀውን ቼዝ አወጡ። የእኛ ሰዎች ያንን ለውጥ አልተቀበሉም፤ የራሳቸውን አንድ ነገር ጨመሩበት። የጨመሩት ነገር ወረራ ይባላል፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበጣን ማስተዋወቅ ለቀባሪ ማርዳት ነው። እረኛው ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ ይጫወታል። ሰንጠረዥ ግን የመኳንንት ቤት ጨዋታ ስለነበረ ከቤቱ ጋር አብሮ ጠፋ። መሳፍንቱ የከተሙባት ደብረ ታቦር ለእነዚህ ወረዳዎች ጎረቤት ናት፤ ከእስቴም ከጋይንትም ግብርና አቤቱታ ይዞ ወደዚያ የሚወጣው ሰው ብዙ ነበር። በዚያ ይቀመጡ በነበሩት በራስ አሊ ዘመን አገሩን ያወቀው እንግሊዛዊ ዋልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1843 መጥቶ፣ በ1848 ቆንስል ሆኖ፣ በ1860 ጎንደር አጠገብ ተገደለ። ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ የሐበሻን ሰንጠረዥ ገልጾ ጽፏል። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1805 ትግራይ ሲገባ የአገሩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ላይ አግኝቷቸዋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ደንዳና ነበሩ፤ የባላጋራ ጠጠር ሲበላም ቀስ ተብሎ አይነሣም፣ በኃይል ተመትቶ ነው ከቦታው የሚወገደው። ከዚያም በጣም ቀደም ብሎ አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱም በገና ሲደረድሩ ብቻ ሳይሆን ሰንጠረዥ ሲጫወቱም ይታወቁ ነበር። ጨዋታው እስከ ጣሊያን ዘመን ድረስ ቆይቶ ከዚያ ወዲህ ከሰመ። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ ባያወጣው ኖሮ ብዙው ነገር ከእጃችን ያመልጥ ነበር።

መሠረቱን ባጭሩ ልበል። ሰንጠረዡ ስምንት በስምንት ነው፤ ጥቁርና ነጭ አይፈራረቅበትም፤ ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርርና ስምንት መደቅ አለው። ንጉሡ በየትም በኩል አንድ ቤት ይሄዳል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ በዛሬው ቼዝ ንግሥቲቱ በምትቆምበት ቦታ የሚቆመው እሱ ነው። ደርር በቀጥታ መንገዱ እስከተከፈተ ይነጉዳል። ፈረስ የምታውቁት ፈረስ ነው። መደቅ አንድ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል፤ መነሻው ላይ ሁለት ቤት መዝለል አይፈቀድለትም። ፊል ደግሞ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መሐል የቆመ ቢኖርም አይከለክለውም።

ፊልን ሰው ሁሉ ይንቀዋል። ከስድሳ አራቱ ቤቶች ውስጥ ሊረግጥ የሚችለው ስምንቱን ብቻ ነው፤ የዚያው ተጫዋች ሁለተኛው ፊል ደግሞ ሌሎች ስምንት ቤቶች አሉት፤ ሁለቱ አንድ ቤት ላይ ተገናኝተው አያውቁም። «እንግዲህ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። እነዚያን ስምንት ቤቶች በጣታችሁ አንድ በአንድ ንኩና ባላጋራችሁ ንጉሡን የት እንደሚያሸሽ ተመልከቱ፤ የሚያስመልጠው ቤት አንዱ ከስምንቱ ሆኖ ሲገኝ ፊል ምን እንደሚሠራ ትረዳላችሁ።

ወደ ወረራ ልምጣ። በዛሬው ቼዝ ነጭ አንድ ይሄዳል፣ ጥቁር አንድ ይሄዳል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በሰንጠረዥ ግን ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደፈለገ፣ የሚሹትን ያህል ጊዜ ጠጠሮቻቸውን እያንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ አምስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሁለት ጊዜ ብቻ ቢያንቀሳቅስ ማንም አይወቅሰውም። ይህ የሚቀጥለው አንደኛው የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ነው።

ይህን ስነግራቸው ብዙዎች የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ያማ ሥርዓት የለውም፤ የፈጠነ እጅ ያሸንፋል።» ይህን አስተሳሰብ ደጋግሜ ታግየዋለሁ፤ አሁንም እታገለዋለሁ። ፍጥነት በወረራ የሚጠቅመው ለመድረስ እንጂ ለማሸነፍ አይደለም። ምክንያቱን ሰንጠረዡ ላይ ላሳያችሁ። ፈረሳችሁን ይዛችሁ ቸኮላችሁ እንበል። ከቤቱ ተነሥቶ በመጀመሪያው ዝላይ ከመደቆቹ ፊት ይወጣል፤ በሁለተኛው የሰንጠረዡን መሐል አልፎ የባላጋራ ሜዳ ይገባል፤ በሦስተኛው ከንጉሡ ወይም ከፈርዙ ፊት በሰያፍ የቆመውን መደቅ ይበላል። ጎበዝ! ነገር ግን ወረራው እዚያው አለቀ፤ ተራው የባላጋራችሁ ነው። ንጉሡ ወይም ፈርዙ አንድ እርምጃ በሰያፍ ወጣ ብሎ ፈረሳችሁን ይበላዋል። አንድ መደቅ አግኝታችሁ አንድ ፈረስ ከሰራችሁ፤ ሌሎቹ ጠጠሮቻችሁ ደግሞ ገና ከመነሻቸው አልተነቃነቁም። ባላጋራችሁ በዚያው ጊዜ ደርሩን ጥሩ ቦታ አስገብቶ፣ መደቆቹን አሰባጥሮ ጨርሷል።

እንግዲህ ወረራ ውስጥ የሚያጨቃጭቀው ዋናው ነገር መቼ ይለቅ የሚለው ነው። ሠራዊቱ በተሻለ የተሰለፈለት ሰው ወረራው ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል፤ ያልተሰለፈለት ይርቃል፣ መንገድ ይዘጋል፣ የሚበላ ነገር ለባላጋራው አያቀርብም። ሁለቱም የሌላውን እጅ እያዩ የራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ እናንተ ደርር ወደ ቀኝ ስትስቡ እሱ በዚያው በኩል መደቁን ይገፋል፤ እናንተ ሐሳብ ስትቀይሩ እሱም ይቀይራል። ተራ ባለበት ጨዋታ ባላጋራ ሲያስብ እናንተ ትጠብቃላችሁ፤ እዚህ መጠበቅ የለም፤ ያለው ጥበቃ ብቻ ነው።

ዓለም ይህን አሁን ነው የደረሰበት። የቼዝ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ቦቢ ፊሸር የዛሬው ቼዝ ሰው መጽሐፍ አገላብጦ በሸመደደው አከፋፈት ታንቋል ብሎ አማርሮ፣ በ1996 በቦነስ አይረስ የኋላ ረድፉ በዕጣ የሚደረደርበትን ቼዝ አስተዋወቀ፤ 960 ዓይነት አሰላለፍ ይቻላል። ወረራ ያለበት ሰንጠረዥ ያንን ችግር ዕጣ ሳያስፈልገው ፈትቶታል፤ አከፋፈቱን ማንም ሊሸመድደው አይችልም፤ ባላጋራህ በዚያው ቅጽበት እያስተካከለ ነውና። ዘመናዊ የሰሌዳ ጨዋታ ነዳፊዎችም ሰው ተራውን ሲጠብቅ እንዳይሰለች ብዙ ደክመዋል። በ1995 የወጣው ካታን በሌላው ተራ ላይ የሚነገድበትን ሕግ አበጀ፤ በ2010 የወጣው ሰባቱ ድንቆች ደግሞ ሁሉም ካርዱን በአንድ ጊዜ እንዲመርጥ አደረገ፤ ገበያውም ወደዳቸው። እነዚህን ጨዋታዎች እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ግን «በአንድ ጊዜ መጫወት» የሚባለውን ሐሳብ አዲስ ግኝት አድርጎ የሚያወራ ሰው ሳገኝ ደብረ ታቦርን አነሣበታለሁ።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልሂድ፤ እዚህ ላይም የምወቅሳቸው አሉ። አዲስ ጨዋታ ለማስተማር የተቀመጠ ሰው የሕጉን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አንብቦ ካልጨረሰ ጠጠር አያስነካም። ሰሚው ሦስተኛው ሕግ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቷል፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ ቡና ሊያፈላ ተነሥቷል። ሕግ በእጅ ነው የሚገባው። በንፋስ መውጫ ክረምት ላይ፣ ጉና ጭጋግ ለብሶ ሰው ሁሉ ምድጃ ሲጠጋ፣ ለእህቴ ልጆች ሰንጠረዥ ያስተማርኩት ከወረራ ጀምሬ ነው። ጨርቁ አሮጌ ቀይ መጋረጃ ነበር፤ መስመሩን በከሰል አሰመርነው። መደቆቹን ለአንዱ በባቄላ፣ ለሌላው በአተር አደረግን። ቆርኪዎች ላይ ጽፈን ሌሎቹን ጠጠሮች አደረግናቸው፤ የአንዱን ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላውን ገልብጠን። «ማን እንዴት እንደሚሄድ ይኸውና፤ መብላት ግን ለዛሬ ክልክል ነው፤ ተሰለፉ» አልኳቸው።

ትልቁ ወዲያው ደርሩን ወደ ፊት ሊያወጣ ታገለ፤ የራሱ መደቅ ዘጋበት። ትንሹ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ፊሉን በመደቁ ላይ አዘለለው። ያን ጊዜ ከምድጃው ጥግ ጥጥ ትፈትል የነበረች ጎረቤታችን እማሆይ ዝም ማለት አልቻለችም። «አንተ ልጅ፣ በግራህ ያለውን ምን አገኘው? ቤቱን ጥለህ የት ትሄዳለህ?» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ተመልካች አፉን መክፈት ነውር ይመስለዋል፤ ቼዝ ያየው በትምህርት ቤት ነው። «አይ፣ ይናገሩ እማሆይ» አልኳት። በሰንጠረዥ ዙሪያ ያለ ሰው ይጮኻል፣ ይመክራል፣ ይነቅፋል፤ በጌታው ቤት አሽከሩ እንኳ ለጌታው «እንዲህ ቢያደርጉ» ይለው ነበር። ጸጥታን የጨዋታ ክብር አድርጎ የቆጠረው የፈረንጅ ክለብ ነው።

በነጋታው መብላት ፈቀድኩላቸው። ትልቁ ያንን የሦስት ዝላይ ስሕተት እሱም ሠራው፤ ፈረሱ ገብቶ መደቅ በላ፤ በፈርዝ ተበላ። ምንም አላልኩም። ሁለተኛው ዙር ላይ ፈረሱን ወደ መሐል አድርሶ አቆመው፣ እጁን አነሣ፣ የወንድሙን ዓይን አየ። መብላት እየቻለ ሳይበላ የቀረበት ያ ጊዜ፣ ለእኔ የማስተማሩ ሁሉ ፍሬ ነው።

ማብቂያውም የራሱ ሕግ አለው፤ እዚህም ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ባላጋራው ጠጠሩ ሁሉ አልቆ ንጉሡ ብቻውን ከቀረ ንጉሥ አይገደልም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይቀራል። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሆዳም ተጫዋች ድሉን ራሱ ያጠፋዋል። የባላጋራህን ጠጠር ማትረፍ፣ ለንጉሡ ጥቂት አጃቢ መተው አለብህ። ሞትም ደረጃ አለው፦ በደርር ወይም በፈረስ መግደል ተራ ነው፤ በፈርዝ ወይም በዚያ በናቃችሁት ፊል መግደል ያስመሰግናል፤ ከሁሉ የሚበልጠው በመደቅ መግደል ነው። ልጆቹን በመጨረሻ ያስተማርኳቸው ይህን ነበር፤ አሁን ትንሹ ደርሩ ሊገድል ደርሶ ሳለ ይመልሰውና መደቁን አንድ ቤት ይገፋል፤ ትልቁም ይናደድበታል።