ማኬት ቆራጭ ማሽን የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት መስኮቱን ይለካ

ሕንፃ መሠረቱ ሳይቆፈር የሚሸጥበት ዘመን ከመጣ ወዲህ ማኬት የጌጥ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሽያጭ መሣሪያ ሆኗል። በአዲስ አበባ የሪል እስቴት ኩባንያዎች የሽያጭ ክፍል ውስጥ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ፣ መብራት የበራለት ትንሽ ሕንፃ ማየት የተለመደ ነው። ፕላን ማንበብ የማይችል ገዢ እንኳ ማኬቱን ዞር ዞር ብሎ ያይና «የኔ ቤት የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስለ ቀብድ ወሬ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሥራ ለረጅም ዘመን የእጅ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ልደታ በሚገኘው የሕንፃ ትምህርት ተቋም ያለፈ አርክቴክት ሁሉ ካተርን፣ የብረት ማስመሪያንና ማስቲሽን ያውቃቸዋል፤ ካርቶን ሲቆርጥ ያደረበትን ሌሊትም አይረሳም። አሁን ደግሞ ከፕሪንተር የማይበልጡ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ የቤት ውስጥ መቁረጫ ማሽኖች መጥተዋል። ኮምፒዩተር ላይ የተሠራውን ንድፍ ተቀብለው ወረቀቱን፣ ካርቶኑን ወይም ስቲከሩን በስለት ይቆርጣሉ። ዋጋቸው ከፋብሪካ ማሽን ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ በመሆኑ አነስተኛ ገንዘብ ያለውን ሰው ዓይን ይስባሉ።

ጥያቄው ከአዲስ አበባ ውጭ ሲሄድ ይከብዳል። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ያሉትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እንውሰድ። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከተማ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው እንዲህ ያለ ማሽን ገዝቶ የሕንፃ ማኬት እየሠራ መሸጥ ቢፈልግ የትኛውን ይምረጥ? ገንዘቡስ ይመለስለታል? ማሽኑ ቢበላሽ ወይም ስለቱ ቢያልቅ በወረታ በኩል ባሕር ዳር፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊኖርበት ነውና ምርጫው የሁለት ዓመት ትርፉን የሚወስን ጉዳይ ነው።

ሦስት ስሞች፣ ሦስት ጠባዮች

በዓለም ገበያ ላይ በብዛት የሚጠሩት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የአሜሪካው ክሪከት ነው። ከክሪከት ማሽኖች ውስጥ ለማኬት የሚታሰበው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሜከር የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ወፍራም ካርቶን ለመቁረጥ በተሠራው ልዩ ስለት እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ድረስ ይቆርጣል። ስለቱን ወደታች የሚጫንበት ኃይል እስከ 4 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ኤክስፕሎር የተባለው ርካሹ ዓይነት ግን የመጫን ኃይሉ ከዚህ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ከስቲከርና ከካርድ ወረቀት ብዙም አይዘልም።

ሁለተኛው ሲልሀውት ካሜዎ ነው። የዚህ ማሽን ትልቁ ጥቅም ፕሮግራሙ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። በነፃ የሚሰጠው የፕሮግራሙ ዓይነት በአውቶካድ የሚቀመጠውን የዲኤክስኤፍ ፋይል ይከፍታል። አርክቴክቱ በፍላሽ ያመጣውን ንድፍ እዚያው ከፍቶ መቁረጥ ይቻላል ማለት ነው። ኤስቪጂ የተባለውን ፋይል ለመክፈት ግን ተጨማሪ ክፍያ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የጃፓኑ ብራዘር ስካን ኤን ከት ነው። ይህኛው የራሱ ስካነርና የራሱ ማያ ገጽ ስላለው ኮምፒዩተር ባይኖርም ይሠራል። በእጅ የተሳለን ነገር አንብቦ ይቆርጣል፤ ንድፍም በፍላሽ ይቀበላል።

ሦስቱም የሚጋሩት አንድ ድክመት አለ። ተማሪዎችና ባለሙያዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበትን 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ቦርድ አይቆርጡም፤ ከፍተኛ መጠናቸው እንደየዓይነቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። «ማሽን ከገዛሁ ካተር ጣልኩ» የሚል ሰው ስሌቱን እንደገና ይመልከት።

ስሌቱ ከመስኮቱ ይጀምራል

ብዙ ገዢ የሚጠይቀው ማሽኑ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቆርጥ ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ቢሆንም ግማሹ ብቻ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብሎኬት ግድግዳ በ1 ለ100 ስኬል ሲሠራ 2 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ለ200 ሲሠራ 1 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ለ50 ሲሠራ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በ1 ለ100 የሜከር ማሽን ግድግዳውን በአንድ ካርቶን ይወጣዋል። በ1 ለ50 ሁለት ካርቶን ማጣበቅ ግድ ነው።

ችግሩ ያለው መስኮቱ ላይ ነው። አምራቹ ኩባንያ ራሱ በወፍራም ስለት የሚቆረጥ ቅርጽ ከ1.9 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል ይላል። 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ተራ መስኮት በ1 ለ100 ስኬል 1.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳው ይቆረጣል፤ መስኮቱ ግን ጠርዙ ሊቦጨቅ ይችላል። በ1 ለ50 ከሆነ መስኮቱ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ችግር የለም። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር ግን እዚያም ቢሆን 1.8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከልኩ ጥቂት ይጎድላል።

መላው ወፍራሙን ትቶ ቀጭን ካርድ በተራው ስለት መቁረጥና ሦስት አራቱን ደራርቦ ማጣበቅ ነው። በዚህ ዘዴ ጥቃቅን መስኮት፣ የበረንዳ መከታና የደረጃ ጥርስ ሳይቀር ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ይህን ያወቀ ሰው ውድ የሆነው ወፍራም ስለት ለእርሱ የግድ አስፈላጊ እንዳልሆነ ይረዳል። ጊዜም ያተርፋል፤ ምክንያቱም ወፍራሙ ስለት ካርቶኑን በአንድ ጊዜ አይበጥስም፣ በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ ይመላለሳል።

የጎጆውና የቤተልሔም ፈተና

የጋይንትና የእስቴ ገበያ የአዲስ አበባን ፎቅ ብቻ አይፈልግም። ለስጦታና ለጎብኚ የሚሸጥ ማኬት የሚሠራ ሰው ክብ ጎጆና ክብ ቤተ ክርስቲያን መሥራቱ አይቀርም። ክብ ቤት ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው።

6 ሜትር ወርድ ያለው ጎጆ በ1 ለ50 ስኬል 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የግድግዳው ዙሪያ ሲዘረጋ 37.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ከማሽኖቹ ጋር በብዛት የሚመጣው ተለጣፊ ምንጣፍ 30.5 በ30.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ግድግዳው አይበቃውም። 61 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ምንጣፍ መግዛት ወይም ግድግዳውን ለሁለት ከፍሎ መቀጠል ያስፈልጋል። ጣሪያው ግን ይበቃል። ጠፈፉ ወጣ ብሎ የጣሪያው ግማሽ ወርድ 7.2፣ ከፍታው 5.4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የተዳፋቱ ርዝመት 9 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ 18 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክብ ወረቀት ይቆረጥና 72 ዲግሪ የሚሆነው ቁራጭ ይወጣለታል፤ የቀረው 288 ዲግሪ ሲታጠፍ ሾጣጣ ጣሪያ ይሆናል።

ከዚህ በላይ የሚፈትነው የጋይንቷ ቤተልሔም ናት። ቤተልሔም በድጓ ማስመስከሪያነቷ በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀች ናት። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ኢትዮጵያ ባደረገው ጉዞ ደርሶባት ከክብ የሣር ክዳን ሥር አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ተሸሽጎ ማግኘቱን ጽፏል። የጉዞ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1959 ታትሟል። እንዲህ ያለው ሕንፃ በማኬት ሲሠራ ጣሪያው ተነሺ ሆኖ ውስጡ እንዲታይ ቢደረግ የሚገዛው አያጣም። ሣሩን ግን ማሽን አይሠራውም፤ እርሱ የእጅ ሥራ ነው። የማሽኑ ድርሻ የውስጡን ግድግዳ፣ በርና መስኮት አንድ ዓይነት አድርጎ ሃያ ሠላሳ ጊዜ መቁረጥ ነው። ማሽን የሚያተርፈው ያንኑ ዕቃ ደጋግሞ ለሚሠራ ሰው መሆኑ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ኢንተርኔትና መብራት

የክሪከት ማሽን የኮምፒዩተር ፕሮግራም የኢንተርኔት ግንኙነት ይጠይቃል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ላይ ወርኃዊ ክፍያ የማይከፍሉ ደንበኞች በወር ከ20 በላይ የራሳቸውን ንድፍ እንዳያስገቡ ሊገድብ መሆኑን አስታውቆ፣ የተጠቃሚው ቁጣ ሲበረታ ሐሳቡን ሰርዟል። ገደቡ ቢቀርም አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል። ማሽኑ የገዢው ቢሆንም ቁልፉ ባሕር ማዶ ነው።

ይህ ለአማራ ክልል ነጋዴ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት በክልሉ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ነፋስ መውጫ ላይ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ማሽን የነበረው ሰው ቢኖር ዕቃው ጠረጴዛ ላይ አቧራ ከመጠጣት ሌላ ሥራ ባልኖረው ነበር። ከዚህ አንጻር በእነዚህ ወረዳዎች ለሚሠራ ሰው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ማሽን የመቁረጥ ጉልበቱ ጥቂት ቢያንስ እንኳ ሚዛን ይደፋል።

መብራትም አለ። ሥራ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ካርቶኑ መበላሸቱ ነው። ደግነቱ እነዚህ ማሽኖች የሚፈጁት ኃይል ጥቂት ስለሆነ ተራ ዩፒኤስ ሥራውን ያስጨርሳል። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣ ማሽን ከሆነ በአስማሚው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለአገራችን 220 ቮልት ይሆናል። 110 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ሲሰኩት ይቃጠላል።

ዋጋውና የሚመልሰው ሥራ

ሜከር 3 የተባለው ማሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ዋጋው 399 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው የባንክ ተመን ወደ 23 ሺህ ብር ይጠጋ ነበር። ዶላር 100 ብር ሲገባ 40 ሺህ ብር ደረሰ። ከዚያ ወዲህም ተመኑ ከፍ እንጂ ዝቅ አላለም። የማጓጓዣው፣ የቀረጡና የነጋዴው ትርፍ በዚህ ላይ ይታከላል።

40 ሺህ ብርን ብቻ ብንይዝና በሁለት ዓመት ይመለስ ብንል በወር 1,667 ብር ማግኘት ያስፈልጋል። ይህም ስለት፣ ምንጣፍና ካርቶን ሳይታሰብ ነው። በዓመት አንድ ሁለት የሕንፃ ማኬት በሚታዘዝበት ከተማ ማሽኑ በማኬት ብቻ አይኖርም። የሚያኖረው ሌላው ሥራ ነው፦ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የሱቅ መስታወት ጽሑፍ፣ የባጃጅ ስቲከር፣ የቲሸርት ህትመት። እነዚህ ሁሉ በዚያው ማሽን ይቆረጣሉ። ማኬቱ ሲመጣ እሰየው ነው።

ሥራው በአብዛኛው ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ ኤምዲኤፍ ወይም ፕሌክሲግላስ ከሆነ የስለት ማሽን መግዛት አያዋጣም። የዚያ ዓይነት ዕቃ መድኃኒቱ ሌዘር ነው። ሌዘርም ቢሆን ሁሉን አይችልም። በርካሽ የሚሸጠው ሰማያዊ ብርሃን ያለው ሌዘር በውስጡ የሚያሳይ ፕሌክሲግላስ አይቆርጥም። ፎም ቦርድ በሌዘር ይቀልጣል። ፒቪሲ ደግሞ ሲቃጠል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ መሞከር የለበትም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚያስፈልገው ሰው ንድፉን ልኮ ሌዘር ባለበት ከተማ በክፍያ ማስቆረጥ ይረክሳል።

በአጭሩ ሲጠቃለል፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሪል እስቴትና ለአርክቴክቶች ወፍራም ካርቶን የሚቆርጥ ሰው አስተማማኝ ኢንተርኔት ካለው ሜከርን ቢገዛ ያዋጣዋል። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የሚሠራና ኮምፒዩተር ያለው ሰው ካሜዎን ቢያስቀድም ይሻለዋል። ኮምፒዩተር የሌለው፣ በእጁ የሚስል የእጅ ባለሙያ ደግሞ ስካን ኤን ከትን ይመልከት። ሦስቱም ከመግዛታቸው በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ስለቱና ምንጣፉ ሲያልቅ ከየት ይገኛል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ሻጩ ለሁለቱም መልስ ከሌለው ርካሹም ማሽን ውድ ነው።

ገና የመጀመሪያ ማኬቱን ያልሸጠ ሰው ግን አንድ ካተር፣ አንድ የብረት ማስመሪያና ጥቂት ካርቶን ይዞ ሁለት ሦስት ማኬት በእጁ ይሥራ። ገበያ ካገኘ ማሽኑ ይደርሳል። ትዕዛዝ ሳይኖር በብድር ማሽን መግዛት አበው እንዳሉት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።