የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ቶሎ የሚሞተው ለምንድን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንመራው የሙዚቃ ክበብ ውስጥ አንድ ተማሪ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት፣ በተለይ ከ10ኛው ፍሬት በላይ የሚያወጣው ድምፅ ገና በወጉ ሳይሰማ ይጠፋ ነበር። እኛም «ጣትህ ደካማ ነው፤ ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አልነው። ልጁ ጣቱ እስኪቆስል ተለማመደ፤ ለውጥ ግን አልመጣም። በመጨረሻም ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም ብሎ ክበቡን ሊተው ተነሣ። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። የጊታሩ ድምፅ ከሌሎቹ መሣሪያዎች አነሰ በማለት ፒክአፖቹን ወደ ክሮቹ ከልክ በላይ አስጠግተን ያሰርናቸው እኛው ነበርን።

ይህን ስሕተታችንን የምንተርከው ሌሎች መምህራን እንዳይደግሙት ነው። በዚህ ጽሑፍ የጊታር ድምፅ የሚቆይበትንና ቶሎ የሚጠፋበትን ምክንያት፣ እንዲሁም ውድ ዕቃ ሳይገዛ መሣሪያውን የማስተካከያ መንገድ ደረጃ በደረጃ እንገልጻለን።

ክሩ ጉልበቱን ከየት ያገኛል?

በመጀመሪያ ማሲንቆንና ክራርን እናነጻጽር። የማሲንቆው ደጋን ጭራውን እያሻሸ እስከሄደ ድረስ ጭራው ያለማቋረጥ ጉልበት ያገኛል፤ ስለዚህ ድምፁ አይቋረጥም። የክራር ክር ግን ጉልበት የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሲመታ ነው። ከዚያ በኋላ ያንኑ እያወጣ ይኖራል። ጊታርም በዚህ ረገድ እንደ ክራር ነው።

ታዲያ ይህ ጉልበት የት ይሄዳል? በክራር ላይ ከክሩ ወደ ብርኩማው፣ ከብርኩማው ወደ ቆዳው፣ ከቆዳው ወደ አየር ይተላለፋል። ቆዳው ጉልበቱን በፍጥነት ለአየር ስለሚያስረክብ ድምፁ ጎላ ይላል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። የኤሌክትሪክ ጊታር አሠራር ከዚህ ተቃራኒ ነው። አሜሪካዊው ጊታረኛ ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ አራት ማዕዘን በሆነ ወፍራም እንጨት ላይ ክርና ፒክአፕ ገጥሞ ሞከረ። ድፍኑ እንጨት እንደ ቆዳ ስለማይርገበገብ ጉልበቱ በክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ያለ አምፕሊፋየር ግን ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

ድምፁን ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብለው ፒክአፕ ነው። ፒክአፕ ማለት በብዙ ሺህ ዙር ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ማግኔት ነው። የብረት ክር በማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ ማግኔታዊው መስክ ይለዋወጣል፤ በዚህም ምክንያት በሽቦው ውስጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህም ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። የናይለን ክር በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ቢታሰር ፒክአፑ ምንም የማይሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ጊታርን ማስተካከል ማለት ለክሩ ተጨማሪ ጉልበት መስጠት ሳይሆን የተሰጠው ጉልበት ያለ አግባብ እንዳይባክን ቀዳዳዎቹን መድፈን ነው። አምፕሊፋየሩ በጣም ጮኾ፣ ድምፁ ተመልሶ ክሩን ራሱን ካላርገበገበው በስተቀር፣ የሚሠራው ያለውን ማጉላት ብቻ ነው።

ቀዳዳዎቹን በተራ መፈለግ

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። አንዱን ስናስተካክል ሌላው ስለሚለወጥ ከዚህ በታች ያለውን ተራ መጠበቅ ይገባል። የሚያስፈልጉን ካቻቢቴ፣ ለብሎኖቹ ልክ የሆነ ቁልፍ፣ በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያና ጥቂት የጽሕፈት ወረቀት ናቸው። የተለመደ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ክፍተት መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። ከዚህ በታች የምንሰጣቸው ልኮች መነሻ ናቸው፤ እንደ ጊታሩ ዓይነትና እንደ ተጫዋቹ አመታት ጥቂት ከፍና ዝቅ ሊሉ ይችላሉ።

ሀ/ ክሮቹ፦ ያረጀ ክር በላብና በዝገት ይሸፈናል። ቆሻሻው በአንዳንድ ቦታ ስለሚከብድ ክሩ እኩል አይርገበገብም፤ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ቀድመው ይሞታሉ። ስለዚህ ከማንኛውም ማስተካከል በፊት አዲስ ክር እንሰር። በመቃኛው ላይ ከ2 እስከ 3 ዙር በሥርዓት ከተጠቀለለ ይበቃል። የመቃኛዎቹንና አንገቱን ከገላው ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች መላላታቸውን እንመርምር። ከልምምድ በኋላ ክሩን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜውን ያረዝማል።

ለ/ አንገቱ፦ 6ቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በአንገቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ቀላል አይደለም። በተለመደው ቀጭን ክር 47 ኪሎ ያህል ክብደት ከተንጠለጠለበት ጋር ይተካከላል። በዚህ ምክንያት አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል። ይህን ለመቋቋም በብዙ ጊታሮች አንገት ውስጥ የብረት ዘንግ ይቀበራል። የጊብሰን ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ታዲየስ ማክሂው ለዚህ ዓይነቱ የሚስተካከል ዘንግ እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብት አግኝቷል።

ለመለካት ወፍራሙን ክር በ1ኛው ፍሬትና አንገቱ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ እንጫን። የተወጠረው ክር ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆንልናል። በ7ኛው ወይም በ8ኛው ፍሬት ጫፍና በክሩ መካከል 2 ወይም 3 ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ደህና ነው። ክፍተቱ ከዚህ ከበዛ ዘንጉን ወደ ቀኝ እናጥብቅ፤ ክፍተት ከሌለ ወደ ግራ እናላላ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር አይገባም። ከእያንዳንዱ ማዞር በኋላ ጊታሩን እንደገና ቃኝቶ መለካት ያሻል። ዘንጉ አልዞር ካለ ፈጽሞ አናስገድደው፤ ከተሰበረ ጥገናው ከባድ ነው።

ሐ/ የክር ከፍታ፦ ክሩ ለፍሬቶቹ በጣም ከቀረበ ሲርገበገብ ይመታቸዋል፤ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅም ይሰማል። ያ ጩኸት ከክሩ የተሰረቀ ጉልበት ነው። ክሩ በጣም ከራቀ ደግሞ ጣት ይደክማል፤ ሲጫኑትም ድምፁ ከልኩ ይወጣል። በ12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ክሩ ሥር ለቀጭኑ ክር 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ለወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከፍታው የሚስተካከለው ክሮቹ በገላው በኩል በሚያርፉበት ብሪጅ ላይ ባሉት ብሎኖች ነው።

መ/ በአንገቱ ራስ በኩል ያለው የክር ማረፊያ፦ ክሩን በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ተጭነን 1ኛውን ፍሬት እንመልከት። ወረቀት የማታስገባ፣ ግን ለዓይን የምትታይ ክፍተት ልትኖር ይገባል። ክሩ ፍሬቱን ጨርሶ ከነካና ባዶ ክር ሲመታ የሚጮኽ ከሆነ ማረፊያው ተበልቷል፤ መለወጥ አለበት። ስንቃኝ «ጠቅ» እያለ የሚዘል ክር ካለ የማረፊያውን ቦይ በእርሳስ ማቅለም ክሩ በቀላሉ እንዲንሸራተት ይረዳዋል።

ሠ/ ፒክአፑ፦ የእኛ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፒክአፑ ለክሩ በቀረበ መጠን ድምፁ ይጎላል። ነገር ግን ማግኔቱ የብረቱን ክር ይስባል። በጣም ሲቀርብ ስበቱ የክሩን ንዝረት ያዛባዋል፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ቅኝቱ ይጠፋል፣ ቶሎም ይሞታል። ክሩ ከፍ ባለ ፍሬት ላይ ሲያዝ ወደ ማግኔቱ ይበልጥ ስለሚጠጋ ችግሩ በዚያ ይብሳል። ተማሪያችን ከ10ኛው ፍሬት በላይ የተቸገረውም በዚሁ ነበር። ማግኔቱ ኤሌክትሪክ ኖረም አልኖረም ስለሚስብ ገመዱን መንቀል ለውጥ አያመጣም።

ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነን ከክሩ ሥር እስከ ማግኔቱ ጫፍ እንለካ። ማግኔታቸው ነጠላ ነጠላ ሆኖ ወደ ላይ ብቅ ላለባቸው ፒክአፖች በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል መነሻ ይሆናል። ድምፁ አነሰ ከተባለ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ረ/ የድምፅ ልክ፦ በመጨረሻ በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በጣት ነካ አድርገን ስንመታው የሚወጣውን ድምፅ እዚያው ተጭነን ከምናወጣው ጋር እናወዳድር። የተጫነው ከፍ ካለ በብሪጁ ላይ ያለውን የክር መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት እናንቀሳቅስ። ይህ የድምፁን ቆይታ ባያረዝምም ጊታሩ በሁሉም ፍሬት ላይ እንዲስማማ ያደርጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከዚህ በላይ ያልነው ሁሉ በጊታሩ ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። የአምፕሊፋየሩን ሽፋን ግን ተማሪም ሆነ መምህር እንዳይከፍት። ከመስመር ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ለሕይወት አደገኛ የሆነ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል።

የማይደፈን ቀዳዳ

ሁሉም ተስተካክሎ አንድ ድምፅ ብቻ ከአጠገቡ ካሉት ተለይቶ ቶሎ የሚሞትበት ጊዜ አለ። የጊታር አንገት ራሱ የሚርገበገብበት የተፈጥሮ ድግግሞሽ አለው። የክሩ ድግግሞሽ ከዚህ ጋር ሲገጥም አንገቱ አብሮ ይርገበገብና የክሩን ጉልበት ይወስዳል። በአንገቱ ራስ ላይ ትንሽ ክብደት ቢቆነጠጥ የአንገቱ ድግግሞሽ ስለሚቀንስ ደካማው ቦታ ወደ ሌላ ፍሬት ሊዛወር ይችላል፤ ፈጽሞ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም። ይህን ያወቀ ተጫዋች ያንኑ ድምፅ በሌላ ክር ላይ ፈልጎ ይይዛል።

ለክፍል ሙከራ

የፊዚክስ መምህራን ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎች ማሳየት ይችላሉ። አንድ ተማሪ ክሩን በተመሳሳይ ቦታና ኃይል ይምታ፤ ሌላው ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በሰዓት ይለካ፤ ሦስተኛው ይመዝግብ። እያንዳንዱ ልኬት 5 ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይወሰድ። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ የፒክአፑ ከፍታ፣ ተለውጦ ልኬቱ ይደገም። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ ግን ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ፒክአፖቹን ዝቅ አድርገን ጊታሩን ለዚያው ተማሪ ስንሰጠው ያንኑ ዜማ በዚያው ጣት ተጫወተ። ድምፁ ሳይቋረጥ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ተሻገረ። እኛም በጓደኞቹ ፊት ጥፋቱ የእኛ እንደነበረ ነገርነው፤ ክበቡንም አልተወም። ከዚያ ወዲህ «ጣትህ ደካማ ነው» ከማለታችን በፊት ማስመሪያና ወረቀት ይዘን መሣሪያውን መመርመር ልማዳችን ሆኗል።