የወደቀ ዛፍ ሁሉ ማገዶ ነውን?

ከሦስት ክረምት በፊት በነሐሴ ወር፥ ሌሊቱን ሲነፍስ ያደረው ነፋስ በሠፈራችን ካለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ የቆመውን ትልቅ የግራቪሊያ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ጣለው። በማለዳ ወደ ሥራችን ስናልፍ፥ ሰዎች ግንዱን እየቆራረጡ ለማገዶ ሲሸጡት አየን። በዚያው ግቢ ጥግ ደግሞ እግራቸው የተሰበረና መደገፊያቸው የወለቀ የተማሪ ወንበሮች ተከምረው ነበር። በሁለቱ ክምሮች መካከል ያለው ርቀት ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ነገር ግን የአንዱ መኖር የሌላውን ችግር እንደሚያቃልል ያሰበ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኛም አላሰብንም።

ያሳሰቡን በበሩ አጠገብ ቆመው ይመለከቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። «ልጄ» አሉ፤ «ይህ እኮ ጣውላ ነው። ለእሳት የሚሆነው ቅርንጫፉ ነበር፤ ግንዱ ምን አደረገ ብለው ይቀጡታል?» የተናገሩት ቀልድ መስሎን ነበር፤ በኋላ ግን ሒሳቡን ብናሰላው እውነት ሆኖ አገኘነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል፥ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ግንድ የአንድ ሜትር ኩብ ሢሶ ያህል እንጨት አለው። በመሰንጠቅ ግማሹ በቅርፊትና በሰጋቱራ ቢባክን እንኳ፥ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ጣውላ ወደ 12 ያህል ይወጣዋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ አመድ ይሆናል ማለት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

እኛም በነገሩ ተነክተን፥ ከቀሩት ግንዶች ሁለቱን ገዝተን በጋሪ ወደ ቤታችን አስወሰድን። እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ይሆናሉ። «ፀሐይ ያድርቃቸው» ብለን በግድግዳ ጥግ አስቀምጠን ሌላ ሥራ ያዝን። በኅዳር ወር ብናያቸው፥ ከሁለቱም ጫፍ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቶባቸው ነበር። ሽማግሌውን ጠርተን ብናሳያቸው አልሣቁብንም፤ ከየጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ጣሉና፥ «የዕውቀት ዋጋው ይህ ነው» አሉን።

እንጨት የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው? አዲስ የተቆረጠ እንጨት ብዙ ውሃ ይይዛል፤ በአንዳንዱ ዛፍ የውሃው ክብደት ከደረቁ እንጨት ክብደት ጋር እኩል እስከ መሆን ይደርሳል። በመጀመሪያ የሚወጣው በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ ሲሆን፥ በዚህ ጊዜ እንጨቱ አይኮማተርም። እርጥበቱ ከመቶ 30 ገደማ ሲደርስና የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ራሱ መድረቅ ሲጀምር ግን መኮማተር ይመጣል። የሚኮማተረውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመኻል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ጫፉ ደግሞ ከጎኑ ይልቅ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይደርቃል። እንግዲህ አንዱ ወገን ሲጠብ ሌላው ስለማይከተለው እንጨቱ ይቀደዳል።

መድኃኒቱም ከዚሁ የሚገኝ ነው። አንደኛ፥ ዛፉ በተቆረጠበት ዕለት የግንዱን ሁለት ጫፍ በቀለጠ ሰም ወይም በወፍራም የዘይት ቀለም መቀባት። ሁለተኛ፥ ግንዱን ሳያሰነብቱ በጣውላ መልክ ማሰንጠቅ፤ የግንዱ እምብርት በአንድ ጣውላ መኻል እንዳይቀር መጠንቀቅ፥ ጣውላውም በሚፈለገው ልክ ላይ ጥቂት ትርፍ እንዲኖረው ማድረግ። ወደ መሰንጠቂያ የሚወስዱበት መኪና ከሌለ፥ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው በረጅም መጋዝ የሚሰነጥቁ ሠራተኞች፥ ወይም በሞተር መጋዝ ላይ የሚታሠር የብረት መምሪያ እዚያው በወደቀበት ሥፍራ ይሠራሉ። ሦስተኛ፥ ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚገባበት ቦታ መደርደር፤ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ውፍረታቸው እኩል የሆነ ቀጫጭን እንጨቶች በየጣውላው መካከል ማስገባት፥ በላዩም ቆርቆሮና ድንጋይ መጫን።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ትዕግሥት ነው። የአናጢዎች የቆየ ልማድ ለ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ይበቃል ይላል። መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ የሌለው ሰው አንዱን ጣውላ በየወሩ ይመዝን፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

የዛፉንም ዐይነት መለየት ያስፈልጋል። ያገራችን ጥድ ለመላጊያ የሚታዘዝ፥ ሽታው መልካም፥ ምስጥም የማይደፍረው ነው። ዋንዛ ለቤት ዕቃ የታወቀ ነው። ግራቪሊያ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ በሚሄድ አሰነጣጠቅ ሲወጣ የሐር ጨርቅ የመሰለ መልክ ያሳያል፤ ነገር ግን ሰጋቱራው የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ስለሚያሳክክ ጥንቃቄ ይሻል። ወይራ ከባድና ጠንካራ በመሆኑ ለመሣሪያ እጀታ ይመረጣል፤ ቸኩለው ቢያደርቁት ግን ይሰነጠቃል።

ስለ ባሕር ዛፍ ለብቻው መናገር ይገባል፤ አዲስ አበባ በእርሱ የዳነች ከተማ ናትና። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እየራቀ ስለሄደ፥ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከአውስትራልያ መጥቶ በ1880ዎቹ መተከል የጀመረው ይህ ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ ችግሩን አቃለለ፤ ከተማዋም በሥፍራዋ ጸናች። ይሁን እንጂ ነጩ ባሕር ዛፍ ለጣውላ አስቸጋሪ ነው፤ በውስጡ የታመቀ ኀይል ስላለ መጋዝ ሲገባበት ይፈነጠራል፥ ሲደርቅም ይጣመማል። ስለዚህ ቀጭኑ ለአጠናና ለማገር ቢውል ይሻላል።

«የከተማ ዛፍ ሆዱ ምስማር ነው» ይሉ ነበር ሽማግሌው። ማስታወቂያ የለጠፈ፥ የልብስ ገመድ ያሠረ፥ አጥር ያጠረ ሁሉ በዛፉ ላይ ብረት ትቶ ይሄዳል፤ ዛፉም በዓመታት ውስጥ ይውጠዋል። ሰው እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት ከፍታ በታች ያለውን ክፍል ከመሰንጠቅ በፊት በብረት መፈለጊያ መፈተሽ፥ እርሱም ባይኖር በጫፉ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ምልክት መኖሩን መመልከት መጋዙንም ሠራተኛውንም ያድናል።

ይህን ስንጽፍ ዛፍ ይቆረጥ ማለታችን አይደለም፤ የቆመ ዛፍ ጥላው፥ አየሩና ውበቱ ከማናቸውም ጣውላ ይበልጣል። በመንገድ ዳር ያለውም ዛፍ የሕዝብ ነውና ማንም በራሱ ፈቃድ ሊነካው አይገባም። እኛ የምንናገረው በነፋስ ስለ ወደቀው፥ ወይም መንገድ ሲሰፋና ቤት ሲሠራ በሕጋዊ ፈቃድ ስለሚቆረጠው ነው። ስለዚህ በየጽሕፈት ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሠራተኞች ሆይ፥ የመቁረጫ ፈቃድ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ግንዱ የት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ደኅና ግንድ በአቅራቢያው ወዳለ የሙያ ትምህርት ቤት ቢላክ፥ ተማሪው መማሪያ ያገኛል፥ የተሰበረውም ወንበር ይጠገናል። እናንተም ተማሪዎች በግቢያችሁ ዛፍ ሲወድቅ፥ መጥረቢያ ከመድረሱ በፊት አናጢ ጥሩ።

ከእነዚያ ሁለት ግንዶች የተረፈው ጣውላ ዓመት ከመንፈቅ በጥላ ከቆየ በኋላ አንድ ጠረጴዛ ወጣው። ርዝመቱ ሜትር ከአርባ ነው፤ ባንዘገይ ኖሮ ሁለት ሜትር በሆነ ነበር። በአንዱ ማዕዘን የምስማር ሰማያዊ ምልክት አለበት። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በእርሱ ላይ ነው።